ስለ አራስ ቤት እንግዶች

በጋምቤላ አገር በሚኖሩት በኑዌሮች ዘንድ፣ በቀድሞው ልማድ፣ ሴት የመጀመሪያ ልጇን የምትወልደው በባሏ ቤት አልነበረም፤ በአባቷ ግቢ ነበረ እንጂ። ከብቱ ተቈጥሮ ከተሰጠ፣ የሠርጉም ድግስ ካለፈ በኋላ ሙሽራይቱ ከእናቷ አትለይም ነበር። ባልም ወደ እርስዋ የሚመጣው በሌሊት ነው፤ ዐማቶቹን ያፍራቸዋል፤ በእነርሱም ቤት እህል አይቀምስም። እንግዲህ ሕፃኑ በተወለደ ጊዜ አባቱ ራሱ የቤቱ እንግዳ ሆኖ ይገኛል። ሌላው ሕዝብ ለጎረቤትና ለወዳጅ ወሰን ሲያበጅ፣ ኑዌር ወሰኑን ከአባት ጀመረ።

ይህንን ልማድ እንግሊዛዊው ሊቅ ኤቫንስ ፕሪቻርድ በ1920ዎቹ ዓመተ ምሕረት በሱዳን ኑዌሮች መካከል ተቀምጦ መርምሮ ጽፎታል። የጋምቤላ ኑዌሮችም ከእነዚያ ጋራ ቋንቋቸውና ዘራቸው አንድ ነው። ነገሩን በኀፍረት ብቻ የሚተረጕም ሰው ቢኖር ግማሹን ብቻ አስተውሏል። በኑዌር ሕግ ጋብቻ የሚጸናው ልጅ ሲወለድ ነውና፣ ከዚያ በፊት ባል ገና ደጅ ጠኚ ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን የልጅ አባት ስለ ሆነ ዐማቶቹ እንደ ዘመድ ይቀበሉታል። አባቱን ወደ ቤት የሚያስገባው ሕፃኑ ነው ማለት ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋራ በ1894 ዓ.ም. በተዋዋሉት ውል በባሮ ዳር የንግድ ስፍራ ከተፈቀደ በኋላ፣ ከጎሬና ከቡሬ ቡና ጭነው የወረዱት የደጋ ሰዎች የገዛ አገራቸውን ሥርዐት ይዘው መጡ። ይኸውም ወንድ በ40 ቀን፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና እንዲነሡ፣ እናቲቱም እስከዚያ ድረስ ወደ ቤተ ክርስቲያን እንዳትገባ የሚያዝዘው ነው። ቍጥሩ ከኦሪት ዘሌዋውያን ይወጣል፤ ለወንድ 7ና 33፣ ለሴት 14ና 66 ቀን ተብሎ ተጽፏልና። መጽሐፈ ኩፋሌም አዳም በ40 ቀን፣ ሔዋን በ80 ቀን ወደ ገነት እንደ ገቡ ይናገራል። ሕፃኑ ለሞት በሚያሰጋ ደዌ ከተያዘ ግን ቀኑ ሳይጠበቅ ይጠመቃል፤ ሥርዐቱ ለነፍስ ሲባል ይለቃልና። ጠያቂዎች «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያሉ ይገባሉ፤ እልልታው ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት ነው፤ ገንፎውም ይቀርባል።

አባቶች እንግዳን ለምን እንደ ፈሩ ሊያውቅ የሚሻ ሰው ጸሎተ ሱስንዮስን ይመልከት። ይህ ጸሎት በብራና ተጽፎ በአራሶችና በሕፃናት አንገት ሲታሰር የኖረ ነው። ውርዝልያ የምትባል ሴት ወደ ሱስንዮስ ቤት ገብታ አዲስ የተወለደ ልጁን ገደለችበት፤ እርሱም በፈረስ ተከትሎ በጦር ወጋት። በአንዳንዱ ቅጂ ይህች ሴት እኅቱ ናት። ቤተ ክህነት ይህን የመሰለውን ክታብ ብዙ ጊዜ ነቅፋለች፤ ነቀፌታዋም ተገቢ ነው። ሆኖም ታሪኩ አንድ ነገር አይቶ ነበር፤ ሞት ወደ አራስ ቤት የሚገባው ከሩቅ አገር ጠላት ጋራ ሳይሆን፣ በር ከሚከፈትለት ዘመድ ጋራ ነው።

በቪየናም ከተማ እንዲሁ ሆነ። በ1839 ዓ.ም. ሐኪሙ ዜመልቫይስ በሆስፒታል ከሚወልዱት እናቶች በአንድ ወር ውስጥ ከመቶ 18 ያህል ሲሞቱ አየ። ሞቱን ይዘው የሚገቡት ሬሳ ሲመረምሩ ቈይተው እጃቸውን በደንብ ሳያነጹ አራስ የሚዳስሱ ሐኪሞች ነበሩ። በክሎሪን ውሃ እንዲታጠቡ ባዘዘ ጊዜ የሟቾቹ ቍጥር በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ ሁለት ያህል ወረደ፤ የሙያ ባልደረቦቹ ግን ብዙዎቹ አልተቀበሉትም። የተከበረ ሰው እጁ ርኩስ ነው ቢሉት ይቈጣልና።

በኢትዮጵያ በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት በሕይወት ከሚወለዱት ከሺህ ሕፃናት 29ኙ ወር ሳይሞላቸው እንደሚሞቱ ተገኝቷል። እንግዲህ የጠያቂ እጅ ነገር ዛሬም ያለቀለት ጉዳይ አይደለም።

የኑዌሩ ሕፃን ጡት ከጣለ በኋላ እናቲቱ ወደ ባሏ መንደር ሄዳ የራስዋን ምድጃ ትተክላለች። የበኵር ልጅ ግን ብዙ ጊዜ በእናቱ ወላጆች ዘንድ ቀርቶ ያድጋል፤ ያን ጊዜ ልጇን ልትጠይቅ በእንግድነት የምትመጣው እናቲቱ ራስዋ ናት።