ፈቃድና ክልከላ በአንድ ቃል፤ የእንግሊዝኛው «ሌት» ታሪክ

በእንግሊዝኛ ቋንቋ «ሌት» የሚባል አጭር ቃል አለ፤ ከአማርኛው ሌት ጋራ በድምፅ ቢገናኝ እንጂ ዝምድና የለውም። ዛሬ ፍችው ተወ፥ ፈቀደ ማለት ነው፤ ቤትን አከራየ ማለትም ይሆናል። ዳሩ ግን በቀድሞ ዘመን ይኸው ቃል ከለከለ፥ አገደ ማለትም ነበር። መፍቀድና መከልከል በአንድ ቃል እንደ ምን ሊያድሩ ቻሉ?

ሥሩ ሁለት ነው። በጥንታዊው እንግሊዝኛ አንደኛው ግስ መተውንና መፍቀድን፥ ሁለተኛው ማዘግየትንና ማገድን ያመለክት ነበር። ከዘመን ብዛት የግሶቹ መድረሻ ረግፎ፥ ድምፃቸውም ተመሳስሎ፥ ሁለቱ በአንድ መልክ ቀሩ። በግእዝም ሠረቀ (ወጣ) እና ሰረቀ (ሌባ ሆነ) ዛሬ በድምፅ አንድ ናቸው፤ ነገር ግን ፊደል ይለያቸዋል። ለእንግሊዝኛው ቃል የፊደል መለያ እንኳ አልተረፈለትም።

በንጉሥ ጄምስ ትእዛዝ ተተርጕሞ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1611 ዓ.ም. የታተመው መጽሐፍ ቅዱስ ቃሉን በሁለቱም ፍች ይዞታል። ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ሮሜ ሊሄድ አስቦ እንደ ተከለከለ በሚናገርበት (ሮሜ 1፥13)፥ እንዲሁም የዓመፅን ምሥጢር ስለሚያግደው በሚጽፍበት (2ኛ ተሰሎንቄ 2፥7) «ሌት» ከለከለ ለማለት ገብቷል። የኋለኛው ዘመን አንባቢ ግን የሚያውቀው ፈቀደ የሚለውን ብቻ ነውና ንባቡ ይገለበጥበታል፤ ዓመፅን የሚያግደው ዓመፅን የሚፈቅድ ሆኖ ይታየዋል። ይህም በሃይማኖት ነገር ቀላል ስሕተት አይደለም። ስለዚህ በ1881 ዓ.ም. ታርሞ የታተመው ሐዲስ ኪዳን በሁለቱም ስፍራ ቃሉን ለወጠው።

የጥንቱ ፍች ግን ፈጽሞ አልጠፋም። የእንግሊዝ ፓስፖርት መንገደኛው ያለ እገዳ እንዲያልፍ በሚጠይቅበት ዐረፍተ ነገር እስከ ዛሬ ይገኛል። በቴኒስ ጨዋታም ጨዋታውን የሚጀምረው ኳስ መረቡን ነክቶ በተገባው ስፍራ ሲያርፍ «ሌት» ተብሎ ምቱ ይደገማል።

በቅኔ ቤት ኅብረ ቃል ሰምንና ወርቅን በአንድ ቃል ያስተባብራል፤ ባለቅኔው ዐውቆ አኑሯቸዋልና ሰሚው ሁለቱንም ይፈልጋል። የ«ሌት» ኅብር ግን ማንም ሳያስበው ዘመን የሠራው ነው። ስለዚህ የጥንት መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ቃሉ በተጻፈበት ዘመን ምን ማለት እንደ ነበረ አስቀድሞ ሊመረምር ይገባዋል። ፊደሉ ከስፍራው ሳይነቃነቅ ምሥጢሩ ሊሸሽ ይችላልና፥ ንባብን የሚጠብቅ ትርጓሜውንም ይጠብቅ።