አታሚና አሳታሚ

ከሲቀላ መናኸሪያ ወደ አዲስ አበባ ስሳፈር የመጀመሪያ ድርሰቴን በፌስታል ጠቅልዬ አቅፌው ነበር። ለቤተሰቤ «አሳታሚ አገኘሁ» ብዬ አብስሬአለሁ። ያገኘሁት ግን አታሚ ነበር፤ የተበደርሁትን ገንዘብ ተቀበለ፣ መጻሕፍቱን በካርቶን አስረከበኝ፣ ተለያየን። ካርቶኖቹ በአውቶቡስ ጣራ ተጭነው አርባ ምንጭ ተመለሱ፤ ዕዳው ለዓመታት አብሮኝ ኖረ።

አታሚና አሳታሚ የሚለያዩት በአንዲት «ሳ» ነው። የመጽሐፍ ታሪካችንም የዚያች ፊደል እጦት ታሪክ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ»ን በ1900 ዓ.ም. ያሳተሙት ሮም ላይ ነው። በ1914 ዓ.ም. ብርሃንና ሰላም ተቋቋመ፤ ስሙ እንደሚናገረው ግን ማተሚያ ቤት ነው። በደርግ ዘመን ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ረቂቅ መርምሮ፣ ወጪውን ችሎ መጻሕፍትን ለአንባቢ ያበቃ ጀመር። ይሁን እንጂ የመንግሥት ድርጅት ነበር፤ ዘመኑም የቅድመ ምርመራ ዘመን ነበር። በ1975 ዓ.ም. ያሳተመው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ወዲያው ከገበያ ተለቀመ፤ ደራሲው በየካቲት 1976 ዓ.ም. ወጥተው ቀሩ። በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ አዋጅ ቅድመ ምርመራን ሻረ፤ ኩራዝም ውሎ አድሮ ከሰመ። ነጻነቱ ሲመጣ ወጪው ወደ ብዙ ደራስያን ኪስ ዞረ።

ይህን ሒሳብ ከጋሞ ሸማኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ከዶርዜ ወርዶ ሽሮ ሜዳ የሚሠራ ሸማኔ በነጋዴ ድርና ማግ ከሠራ የእጁን ዋጋ ይቀበላል፤ ድሩንና ማጉን ራሱ ከገዛ ትርፉም ኪሳራውም የራሱ ነው። በራሱ ክር ሠርቶ ትርፉን ለሌላ የሚተው ሸማኔ ግን አላየሁም። እኔ ያደረግሁት ይህንኑ ነበር።

እናንት አዲስ ደራስያን ሆይ፣ ረቂቃችሁን ከማስረከባችሁ በፊት ጠይቁ። የወረቀቱንና የኅትመቱን ዋጋ ማን ይከፍላል? አርትዖቱን ማን ይሠራል? መጽሐፉን አርባ ምንጭ ድረስ ማን ያደርሰዋል? መልሱ ሁሉ «አንተ» ወይም «አንቺ» ከሆነ የቆማችሁት አታሚ ፊት ነው። እርሱም ነውር የለበትም፤ ነውሩ ሳያውቁ መዋዋል ነው። ውላችሁ በጽሑፍ ይሁን። በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 410 የደራሲን መብት በሕይወት ሳለና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ይጠብቃል፤ የልጅ ልጆቻችሁን ድርሻ በአንድ ፊርማ አትስጡ። የረቂቃችሁንም ግልባጭ ቤት አስቀምጡ።

ከካርቶኖቹ አንዱ ዛሬም አልጋዬ ሥር አለ። አዲስ ረቂቅ በጨረስሁ ቁጥር ጎትቼ አየዋለሁ።