ሽያጩስ በማን ያልቃል?

«ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የምትለዋን ተረት ሳይሰማ ያደገ አበሻ ያለ አይመስለንም። እኛማ የአገራችን ሥሪት ብቻ ስለመሰለችን ስናፍርባት ኖረናል። የቴክኖሎጂ ሽያጭን ታሪክ ስናገላብጥ ግን ይህችው ተረት ባሕር ማዶም ስትሠራበት የኖረች መሆኗን ደረስንበት፤ ያውም አይቢኤምን በመሰለ ኩባንያ ውስጥ! (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ያንብቡልን።)

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተር ከመምጣቱ በፊት አይቢኤም የሚነግደው በተበሳ ካርድ ሒሳብ በሚሠሩ ማሽኖች ነበር። ማሽኑ ውድም ውስብስብም ነው። አንድ ባንክ ስለተረከበው ብቻ አይሠራለትም፤ ቢሮው ድረስ ሄዶ ሥራውን የሚያጠና፣ ከማሽኑ ጋር የሚያስማማ፣ ጸሐፊዎቹን የሚያሠለጥን ሰው ይፈልጋል። በ1935 የኩባንያው አለቃ ቶማስ ዋትሰን ለዚህ ሥራ 25 የኮሌጅ ሴቶችን ቀጥሮ አሠለጠነ። ለእኩል ሥራ እኩል ደመወዝ እንደሚከፈልም ተናገረ። ለዘመኑ ትልቅ እርምጃ ነበር፤ አንክድም።

ግን ሻጭ የሚባለው ማን ነበር? በአመዛኙ ወንዱ። ኮታው የተሰጠው ለእሱ፣ ኮሚሽኑ የሚታሰበው ለእሱ፣ ኮታውን ሲሞላ «የመቶ በመቶ ክበብ» ተብሎ በተሰየመው ጉባኤ የሚጨበጨበውም ለእሱ ነው። ደንበኛው ማሽኑን እንዲወደው ያደረገችው ሴት «አገልግሎት» በሚባል መዝገብ ሰፈረች። አወቀች፤ በወንድ አለቀ።

ከእነዚህ ሴቶች አንዷ ሩት ሊች ትባላለች። በ1939 ሳን ፍራንሲስኮ በተከፈተው ትልቅ ኤግዚቢሽን የአይቢኤምን የኤሌክትሪክ ታይፕራይተር ለጎብኚ እያሳየች ነበር ሥራ የጀመረችው። ከአራት ዓመት በኋላ፣ ጦርነቱ ወንዶቹን ሲወስድ፣ በ1943 የኩባንያው የመጀመሪያዋ ሴት ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነች። ዕድሜዋ? 27! ይሁን እንጂ በ1953 አገባችና ሥራዋን ተወች።

ከዚያ በኋላ በሩን የከፈተው የአለቆች ደግነት ብቻ አልነበረም። በ1964 አሜሪካ በሥራ ላይ የጾታ አድልዎን የሚከለክል ሕግ አወጣች። በ1973 ደግሞ የስልኩ ኩባንያ ኤቲ ኤንድ ቲ ከመንግሥት ጋር በደረሰበት ስምምነት አድልዎ ለደረሰባቸው ሠራተኞች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ 15 ሚሊዮን ዶላር ያህል ለመክፈልና የሥራ መደቦቹን ለመክፈት ተስማማ። ካርሊ ፊዮሪና በዚሁ ኩባንያ የሽያጭ ሥራ የጀመረችው በ1980 ነው። በ1999 የኤችፒ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆነች፤ በ2005 ቦርዱ አሰናበታት።

ከሁሉም ልባችንን የወሰደችው ግን አን መልኬይ ናት። በ1976 ዜሮክስ ገብታ የፎቶኮፒ ማሽን ሻጭ ሆነች። ዓመታት በሽያጭ ቆይታ፣ በ2001 ዋና ሥራ አስፈጻሚነቱ ሲሰጣት የተረከበችው 17 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ዕዳ ያለበትን ኩባንያ ነበር። አማካሪዎች «ኪሳራ አውጁ» ሲሉ እምቢ አለች፤ እንደ ድሮ ሻጭነቷ ደንበኞቿን ፍለጋ ወጣች። ኩባንያው በ2002 ወደ ትርፍ ተመለሰ። በ2009 ወንበሩን ያስረከበችው ለኡርሱላ በርንስ ነው። ከትልልቆቹ 500 የአሜሪካ ኩባንያዎች በአንዱ አንዲት ሴት ለሌላ ሴት ሥልጣን ስታስረክብ የመጀመሪያው ነበር። አይቢኤም ራሱስ? የዓለም አቀፍ ሽያጩን ስትመራ የነበረችውን ጂኒ ሮሜቲን ዋና ሥራ አስፈጻሚ ያደረጋት በ2012 ነው። ከሩት ሊች ሹመት በኋላ 69 ዓመት መሆኑ ነው!

ታዲያ ሽያጭ ምን የተለየ ነገር አለው? ቁጥር አለዋ! «ጎበዝ ናት፣ ተግባቢ ናት» የሚል ምስጋና በማግስቱ ይረሳል። በስምሽ የተመዘገበ ሽያጭ ግን ዕድገት ሲጠየቅ ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል። በእርግጥ ቁጥር ብቻውን አያሾምም፤ ቁጥር የሌላት ግን ክርክሯን የምትጀምረው ከባዶ ነው።

እስቲ በከተማችን ባዛሮች ዞር ዞር በሉ። ሞባይሉን፣ ላፕቶፑን፣ የሒሳብ ሶፍትዌሩን ቆማ የምታስረዳው ብዙ ጊዜ እኩያችን የሆነች ልጅ ናት። ደንበኛው «በቃ፣ እገዛለሁ» ሲል ወደ ማን ይመራል? ውሉን የሚፈርመው፣ ኮሚሽኑ የሚገባለትስ ማን ነው? መልሱ «አቶ እገሌ» ከሆነ፣ 1935 ላይ ነን ማለት ነው። እናም እህቶቻችን፣ ሥራ ስትገቡ ከደመወዙ ቀጥሎ አንድ ነገር ጠይቁ፦ ሽያጩ የሚመዘገበው በማን ስም ነው?

ቸር እንሰንብት!