ግልጥ ምድጃና ዝግ ምድጃ በእንግሊዝ አገር አሮጌ የገጠር ቤቶች

የቤት ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ስለ ግድግዳው፥ ስለ ጣራውና ስለ መስኮቱ ብዙ ይጽፋሉ፤ ስለ እሳቱ ግን የሚሉት ጥቂት ነው። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም፤ እሳት ሲጠፋ ከአመድና ከጥላሸት በቀር ሌላ ምልክት አይተውምና። ዳሩ ግን ብርድ በሚበረታበት አገር ቤት የሚሠራው እሳቱን መሠረት በማድረግ ስለ ሆነ፥ የማንደጃው ዓይነት ሲለወጥ ቤቱም አብሮ ይለወጣል። በዚህ ጽሑፍ ለመመርመር የታሰበው፥ እንግሊዞች በአሮጌ የገጠር ቤቶቻቸው ውስጥ ግልጡን ምድጃ ለምን ይህን ያህል ዘመን እንደ ያዙ፥ ከብረት የተሠራው ዝግ የእንጨት ምድጃስ ዘግይቶ ሲገባ በቤቱ ላይ ያመጣው ነገር ምን እንደ ሆነ ነው። የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በመካከለኛው ዘመን የእንግሊዝ ባለጸጋ ቤት ዋናው ክፍል አንድ ሰፊ አዳራሽ ነበር። እሳቱ በወለሉ መካከል ይነዳል፤ ጢሱም ወደ ላይ ወጥቶ በጣራው ሥር ከተንሳፈፈ በኋላ በክዳኑ ላይ በተተወለት ቀዳዳ ይወጣል። በኬንት አውራጃ ፔንስኸርስት በተባለው ስፍራ በ1341 የተሠራው አዳራሽ፥ ስምንት ማዕዘን ያለው የወለል ምድጃው ሳይፈርስ እስከ ዛሬ ይታያል። የድኾቹን ቤት የሚመሰክርልን ግን ሌላ ነገር ነው። በዴቨን አውራጃ የሣር ክዳን ሲታደስ የላይኛው ብቻ እየተነሣ የታችኛው እንዳለ ይቀር ስለ ነበር፥ በአንዳንድ ቤት ከአምስትና ከስድስት መቶ ዓመት በፊት የተከደነው ገለባ በጢስ እንደ ጠቈረ ሳይበሰብስ ተገኝቷል። የዕፀዋትን ታሪክ የሚመረምሩ ሊቃውንት ከዚህ ገለባ በዚያ ዘመን ይዘራ የነበረውን የስንዴ ዓይነት፥ አብሮት የበቀለውን አረም ሳይቀር ለይተውበታል። ሌላ መዝገብ ያልያዘውን የገበሬ እርሻ ጢስ ጠብቆ አቈየልን ማለት ነው።

በደጋው ኢትዮጵያ ጎጆ ያደገ አንባቢ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። በእኛም አገር ጢሱ በሣሩ ውስጥ ሾልኮ ይወጣል፤ ወጋግራውና ማገሩ ጥቀርሻ ለብሶ ይጠቍራል፤ ባለቤቱም ጢስ የጠጣ እንጨት ነቀዝ እንደማይደፍረው ያውቃል። በኤሴክስ አውራጃ ቄስ የነበረው ዊልያም ሐሪሰን በ1577 በወጣው የእንግሊዝ አገር መግለጫው ውስጥ ይህንኑ አሳብ ጽፎት እናገኛለን። የመንደሩ ሽማግሌዎች በዕድሜያቸው እጅግ ተለወጡ ከሚሏቸው ሦስት ነገሮች አንዱ የጢስ መውጫ መብዛት እንደ ነበረ ይነግረናል፤ ቀድሞ ጢሱ የቤቱን እንጨት የሚያጠነክር፥ ባለቤቱንና ቤተ ሰቡንም ከጉንፋን የሚጠብቅ መድኃኒት ተደርጎ ይቈጠር እንደ ነበረም ይጨምራል። ጢስ ሰውን ይጠብቃል የሚለው አሳብ ስሕተት መሆኑን ዛሬ እናውቃለን። እንጨቱን በሚመለከት ግን የዴቨን ገለባ ለሽማግሌዎቹ ይመሰክርላቸዋል።

የጢስ መውጫው ከጡብ ተሠርቶ እሳቱ ወደ ግድግዳ ከተጠጋ በኋላ፥ ጢስ ይሞላው በነበረው ከፍታ ላይ ፎቅ ለመጣል ተቻለ፤ አንዱም አዳራሽ በብዙ ክፍል ተከፈለ። ጌታውና አሽከሩ በአንድ እሳት ዙሪያ መቀመጣቸው በዚሁ እየቀረ ሄደ። ምድጃም የሀብት መለኪያ ሆነ፤ በ1662 መንግሥት በያንዳንዱ ምድጃ ላይ በዓመት ሁለት ሺሊንግ ግብር ጣለ። ድኾች ከግብሩ ነጻ ቢደረጉም፥ ቈጣሪው እስከ እልፍኝ ድረስ ገብቶ እያየ የሚመዘግብ ስለ ነበረ ሕዝቡ እጅግ ጠላው፤ በ1689ም ተሻረ። የቈጠራው መዝገብ ግን ዛሬ ለታሪክ ጸሐፊዎች ትልቅ ሀብት ነው።

አሁን ወደ ጉድለቱ እንምጣ። ግልጥ ምድጃ ከእንጨቱ ሙቀት ወደ ክፍሉ የሚሰጠው ከመቶ 10 እስከ 20 ያህሉን ብቻ ነው፤ የቀረው በጢስ መውጫው ወደ ሰማይ ይሄዳል። ከዚህም የከፋ ነገር አለ፤ እሳቱ በጣም በነደደ መጠን የክፍሉን አየር ይስባል፤ በዚያ ፈንታ ከበርና ከመስኮት ስንጥቅ የውጭው ብርድ ይገባል። ጸሐፊው በዚያ አገር በትምህርት ላይ ሳለ ክረምቱን ካሳለፈበት አሮጌ ቤት እንደ ተረዳው፥ በእንዲህ ያለ እሳት ፊት የተቀመጠ ሰው ጕልበቱ ይለበለባል፥ ጀርባው ግን ይንቀጠቀጣል። የእንግሊዝ የቤት ዕቃ መልክ የተቀረጸው በዚህ ነፋስ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጆሮ ያለው ባለ ከፍተኛ መደገፊያ ወንበር፥ ጀርባው እንደ ግድግዳ የቆመው የእንጨት አግዳሚ፥ በአራት ምሰሶ ላይ በመጋረጃ የተከበበው አልጋ፥ እነዚህ ሁሉ ብርዱን ለመከላከል የተበጁ ናቸው። የሙዚየም ጐብኚ የሚያያቸው እንደ ጌጥ ብቻ ነው።

ከዚህ የተሻለ ዘዴ አልታወቀም ነበር እንዳይባል፥ ጎረቤቶቹ አገሮች ከረዥም ዘመን ጀምሮ በዝግ ምድጃ ይሞቁ ነበር። በስዊድን በ1767 ክሩንስቴትና ቭሬደ የተባሉት ሁለት መኳንንት፥ ጢሱ በተጠማዘዘ መንገድ ብዙ ጊዜ ወጥቶና ወርዶ ሙቀቱን ለሸክላው የሚተውበትን ምድጃ አበጁ፤ ይህንም ያደረጉት መንግሥቱ የማገዶ ማለቅ ስላሠጋው ነው። በአሜሪካ ቤንጃሚን ፍራንክሊን በ1742 የብረት ምድጃ ሠርቶ በ1744 መግለጫውን አሳተመ። በእንግሊዝ አገር ግን ክብር ያገኘው ግልጡን ምድጃ ያልዘጋው ሰው ነበር። ይህም አሜሪካ ተወልዶ በባቫርያ የማዕርግ ስም ያገኘው ካውንት ራምፎርድ ነው። በ1796 ባወጣው ጽሑፍ የምድጃው ጥልቀት እንዲያንስ፥ ጎኖቹ ሙቀቱን ወደ ክፍሉ እንዲመልሱ ሰያፍ ሆነው እንዲቆሙ፥ የጢስ መውጫውም ጉሮሮ ወደ 4 ኢንች ያህል እንዲጠብ አስተማረ። ዝናው በቶሎ ተስፋፋ፤ ጄን ኦስተን በጻፈችው «ኖርዝአንገር አቢ» በተባለው ልብ ወለድ ውስጥ ወጣቷ ካትሪን በጥንታዊው ቤት የተቀረጸ ሰፊ ምድጃ አያለሁ ስትል የራምፎርድ ጠባብ ምድጃ አግኝታ ታዝናለች።

እንግሊዞች ለምን አልዘጉትም? ብዙ ጸሐፊዎች ነገሩን ለልማድና ለግትርነት ይሰጡታል፤ ይህ መልስ ግን በቂ መስሎ አይታየኝም። ከሁሉ በፊት የማገዶው ነገር አለ። የስዊድን ሰው የሚያነደው እንጨት ነው፤ እንጨትም ያልቃል ተብሎ ተፈርቶ ነበር። የእንግሊዝ ሰው ግን የድንጋይ ከሰል በርካሽ ስለሚያገኝ ብክነቱ ኪሱን አልነካውም፤ የክረምቱም ብርድ እንደ ስዊድን የከፋ አይደለም። ሁለተኛው ምክንያት ቤቱ ራሱ ነው። አሮጌው ግድግዳ በኖራ የተያያዘ፥ ከመሬት የሚወጣውን እርጥበት የሚያግደው ነገር የሌለው ነው። ግልጡ ምድጃ ባለማቋረጥ አየር ስለሚስብ እርጥበቱንም ይዞ ይወጣል። ስለዚህ ምድጃው ለሰው መጥፎ ማሞቂያ ቢሆንም ለግድግዳው ጥሩ ማድረቂያ ነበር።

የፍቅሩንም ነገር አልክድም። በ1896 እና በ1903 መካከል በለንደን የጀርመን ኤምባሲ ያገለገለው ኸርማን ሙቴዚዩስ ስለ እንግሊዝ ቤት በጻፈው ታላቅ መጽሐፍ፥ ምድጃ የሌለው ክፍል ለእንግሊዛዊ ሊታሰብ እንኳ የማይችል ነገር መሆኑን ገልጿል። ጆርጅ ኦርዌልም በታኅሣሥ 1945፥ ከጦርነቱ በኋላ አዲስ ቤት ሊሠራ በታሰበበት ጊዜ፥ ብክነቱን ሳይሸሽግ ለግልጡ ምድጃ በጋዜጣ ተሟግቷል፤ ክርክሩም ቤተ ሰብን አንድ ላይ የሚያስቀምጥ እሳቱ ነው የሚል ነበር። ነገር ግን ፍቅሩ የከሰሉን ርካሽነት ተከትሎ የመጣ ይመስለኛል።

ፍቅሩን የፈተነው የለንደን ጢስ ነው። በታኅሣሥ 1952 በጥቂት ቀን ውስጥ በጉም የተቀላቀለው የከሰል ጢስ በሺሕ የሚቈጠር ሰው ፈጀ፤ በ1956 የወጣውም ሕግ በታወቁ ክልሎች ጢስ ማውጣትን ከለከለ። ገጠሩ ግን በአብዛኛው ከዚህ ውጭ ስለ ሆነ በአሮጌው መንገድ ቈየ። በ1973 የነዳጅ ዘይት ዋጋ ሲንር የብረቱ ምድጃ ወደ ገጠሩ ቤት በብዛት መግባት ጀመረ። ጥቅሙ አያከራክርም፤ ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ አዲስ የሚሸጥ ዝግ ምድጃ ከእንጨቱ ሙቀት ቢያንስ ከመቶ 65 እጁን እንዲሰጥ ሕግ ያስገድዳል፤ ከግልጡ የሚጠየቀው 30 ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ ዝግ ምድጃ ለእርሱ ባልተሠራ ቤት ውስጥ ሲቆም ሌላ ጣጣ ያመጣል። ሰፊው የጢስ መውጫ ለጥቂቱ ጢስ ከመጠን በላይ ነው፤ ጢሱ በመንገድ ይቀዘቅዝና በግድግዳው ላይ እንደ ሬንጅ ይጋገራል፤ ይህም አንድ ቀን በእሳት ይያያዛል። ስለዚህ በውስጡ ጠባብ የብረት ቱቦ መዘርጋት አስፈለገ። እርጥብ እንጨት ይህን ያባብሳል፤ አዲስ የተቈረጠ ግንድ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውኃ ነውና። በእንግሊዝ ከ2021 ወዲህ በጥቂቱ የሚሸጥ ማገዶ ከመቶ 20 በላይ ውኃ እንዳይኖረው ተደንግጓል። በሣር ክዳን ቤት ደግሞ ከጢስ መውጫው ተፈናጥሮ የሚወጣ ፍም በደረቁ ገለባ ላይ ያርፋል። የአየሩ መሳብ ሲቀንስም፥ ጥንት በጢስ መውጫው ጡብ ውስጥ የገባው የጥላሸት ጨው እርጥበት እየሳበ በልስኑ ላይ ቡናማ ነቍጥ ሆኖ ብቅ ይላል። የአሮጌ ቤት ጠባቂዎች የተዘጋ የጢስ መውጫ ሁልጊዜ የአየር ቀዳዳ ይተውለት የሚሉት ስለዚህ ነው።

ዛሬ ወደ እንዲህ ያለ ቤት የገባ ሰው፥ ሁለት ሰዎች በውስጡ ተቀምጠው ይሞቁበት በነበረው በጥንቱ ምድጃ ጓዳ መካከል አንዲት ትንሽ የብረት ሣጥን ቆማ ያያል። ቤቱን የምታሞቀው እርስዋ ናት። በሯ ግን እሳት በሚችል መስተዋት የተሠራ ነው፤ መስተዋቱም በጥላሸት እንዳይጋረድ ሞቃት አየር ከላይ ወደ ታች ያጥበዋል። ሙቀት ለመስጠት መስተዋት አያስፈልግም፤ ገዢው ግን ነበልባሉን የማያይበትን ምድጃ አይገዛም።