ሚዛንን መመዘን

ከአዲስ አበባ ደቡብ ዳርቻ ከኮዬ ፈጬ ተነሥተን የሰማይ መመልከቻ እስከ ተተከለበት እስከ እንጦጦ ራስ ብንወጣ፣ ከከዋክብት የሚመነጨውን የራጅ ጨረር አናገኘውም፤ አየሩ ውጦ ያስቀረዋልና። ለዚህ ጥናት ብቻ የተሠራችው የመጀመሪያይቱ ሳተላይት ታኅሣሥ 3 ቀን 1963 ዓ.ም. ከጎረቤታችን ከኬንያ ጠረፍ፣ በባሕር ላይ ከቆመው የሳን ማርኮ መድረክ ተወነጨፈች። ዕለቱ የኬንያ ነጻነት ሰባተኛ ዓመት ስለ ነበረ «ኡሁሩ»፣ ማለት ነጻነት፣ ተባለች፤ ያማረ ስም ነው።

ዳሩ ግን ወደ ሰማይ የወጣውን ሚዛን ማን ያስተካክለዋል? ባለሱቅ ሚዛኑን ቢጠራጠር ክብደቱ የታወቀ ድንጋይ ይጭንበታል። ሐምሌ 16 ቀን 1991 ዓ.ም. የወጣው የአሜሪካው ቻንድራም ድንጋዩን ይዞ ነው የሄደው፤ ይኸውም ብረት 55 ሲሆን፣ ወደ ማንጋኒዝ ሲለወጥ የ5.9 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ጨረር ይሰጣል። መሣሪያው ከዚህ ቍጥር ሌላ ካነበበ መዛባቱ ይታወቃል፤ ሳይታረም ቢቀር ስለ ከዋክብት ሙቀት የሚነገረው ሁሉ ሐሰት ይሆናል። ነገር ግን ድንጋዩ ራሱ በየ2.7 ዓመቱ በግማሽ ይደክማል፤ ከ20 ዓመት በኋላ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አልቀረውም። ከምድር ከ100,000 ኪሎ ሜትር በላይ እየራቀ ለሚዞር መሣሪያ ደግሞ ሌላ ድንጋይ የሚያደርስ የለም።

ሊቃውንቱ ሁለተኛ ድንጋይ ያገኙት ከዚያው ከሰማይ ነው። በትንሹ የማጄላን ደመና ውስጥ ኢ 0102 የተባለ የፈነዳ ኮከብ ቅሪት አለ፤ የኦክስጅንና የኒዮን መስመሮቹ ጎልተው ይታያሉ። የቻንድራን ንባብ ከአውሮፓው ኤክስ ኤም ኤም ኒውተንና ከጃፓኑ ሱዛኩ ንባብ ጋር ያስተያዩት በእርሱ ነው።