ሄኖክ፣ ስዊድንቦርግና የሰማይ ነዋሪዎች

ከሜርስታ በስተ ሰሜን፣ በኡፕሳላ ካቴድራል፣ የኢማኑኤል ስዊድንቦርግ አጽም ያረፈበት የድንጋይ ሣጥን ይገኛል። ይህ የስቶክሆልም ተወላጅ እ.ኤ.አ. በ1758 ለንደን ላይ ባሳተመው የላቲን መጽሐፍ፣ በጨረቃና በፕላኔቶች ላይ ሰዎች እንደሚኖሩ፣ እርሱም ከመናፍስታቸው ጋር እንደተነጋገረ ገልጿል። ጌታ ስለምን በእኛ ምድር ሥጋ ለበሰ ለሚለው ጥያቄ የሰጠው መልስ ግን ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ልዩ ትርጉም አለው፤ በዚህች ምድር ጽሕፈት ስላለ፣ ቃሉም ተጽፎ ሊጠበቅ ስለቻለ ነው ይላል።

ስዊድንቦርግ በሞተ በዓመቱ፣ በ1773፣ ጄምስ ብሩስ መጽሐፈ ሄኖክን ከኢትዮጵያ ወደ አውሮፓ ይዞ ገባ። የዚህን መጽሐፍ ሙሉ ቃል ጠብቆ ያቆየው ግእዝ ብቻ ነው። በውስጡ መልአኩ ዑርኤል ለጸሐፊው ለሄኖክ የፀሐይን በሮችና የ364 ቀኑን ዓመት ያሳየዋል፤ በብርሃናት ላይ የሚኖር ሥጋዊ ፍጡር ግን አያሳየውም። ሆኖም ከትእዛዝ የወጡ ከዋክብት ታስረው ይታያሉ።

እ.ኤ.አ. በ1995 ፀሐይን በምትመስል ሌላ ኮከብ ዙሪያ ፕላኔት መገኘቱ ተነገረ። በስደት የሚያድጉ ልጆቻችን «ክርስቶስ ለእነዚያም ሞቷልን?» ብለው ቢጠይቁን፣ ሄኖክን ማስረጃ አድርጎ መጥቀስ መጽሐፉን ያላለውን ማሰኘት ነው። ጥያቄውን እንደ ክህደት መቁጠር ደግሞ የአባቶችን ሰማይ አለማወቅ ይሆናል፤ ከሰው ሌላ ፈቃድ ያለው ፍጡር መኖሩን እነርሱ ከቶ አልተጠራጠሩም።