ባለቤቱ ሲቀያየር መያዣው ያው ቤት

ባለፈው ሳምንት አንድ የድሮ ተማሪዬ ደወለልኝ። ብየዳ ቤት ከፍቶ፣ ሦስት ልጆች ቀጥሮ በርና መስኮት ይሠራል። ትልቅ ሥራ ስላገኘ ብረት የሚገዛበት ብድር ሊጠይቅ አንድ ባንክ ሄደ። «የቤት ካርታ አለህ?» አሉት። የሚኖረው በኪራይ ነው። ማሽኖቹንም፣ የሥራ ውሉንም ቢያሳይ አልሆነም። «ቲቸር፣ ቤት ቢኖረኝማ መች እንዲህ እለፋ ነበር?» አለኝ። ሳቅኩ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ነገሩ ከነከነኝ። የባንክን ታሪክ ስናስተምር ማን ከፈተው፣ መቼ ተወረሰ እንላለን፤ ለማን አበደረ የሚለውን ግን አንጠይቅም።

የመጀመሪያው ባንክ፣ የአቢሲንያ ባንክ፣ በ1898 ዓ.ም አፄ ምኒልክ ባሉበት ሲመረቅ የሚያስተዳድረው የግብፅ ብሔራዊ ባንክ ነበር። ለ50 ዓመት ብቸኛ ባንክ የመሆን መብት ተሰጠው። (በነገራችን ላይ የዛሬው አቢሲንያ ባንክ ሌላ ነው፤ ስሙን ነው የወሰደው።) ደንበኞቹ በአብዛኛው መንግሥትና የውጭ አገር ነጋዴዎች ነበሩ። በ1923 አፄ ኃይለ ሥላሴ ገዝተው የኢትዮጵያ ባንክ አደረጉት። በ1955ቱ ሕግ የግል ባንክ ተፈቀደ፣ አዲስ አበባ ባንክም ተከፈተ። ብዙም ሳይቆይ ደርግ በታኅሣሥ 1967 ሁሉንም ወረሰ።

እኛ መምህራን እዚህ ላይ «ባንኮች ተወረሱ» ብለን እናልፋለን። ለተማሪዬ ጉዳይ የሚበልጠው ግን በዚያው ዓመት የወጣው የመሬት አዋጅ ነው። የካቲት ላይ የገጠር መሬት፣ ሐምሌ ላይ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥትና የሕዝብ ሆነ። ገበሬው የሚያርሰውን መሬት መሸጥም፣ በዕዳ ማስያዝም ተከለከለ። ከተሜው ጋ የቀረው ቦታው ላይ የቆመው ቤት ነው። እንግዲህ የአበዳሪው ዓይን ከዚያ ቤት ላይ ቢተከል ምን ይደንቃል? ተከራይ የሆነ ሠራተኛ ግን ገና ከበሩ ይመለሳል።

በ1986 የግል ባንክ እንደገና ተፈቀደ። አዋሽ በ486 መሥራቾችና በ24.2 ሚሊዮን ብር ተቋቋመ። ትልቅ ተስፋ ነበር። ባንኮቹም በዙ፤ የመያዣው ጥያቄ ግን አልተለወጠም። ባንከኛውን ብቻ አልወቅስም፤ የሚያበድረው የአስቀማጭ ገንዘብ ነው።

በዚህ ላይ በ2003 መመሪያ መጣ። የግል ባንክ 100 ብር ባበደረ ቁጥር በ27 ብር የብሔራዊ ባንክ ቦንድ ይግዛ ተባለ፣ ለ5 ዓመት፣ በ3 በመቶ ወለድ። በጊዜው ለቆጣቢ የሚከፈለው ትንሹ ወለድ 5 በመቶ ነበር! ገንዘቡ ለልማት ተፈለገ፤ አገር ትልልቅ ሥራ ያስፈልጋታል፣ እቀበላለሁ። ግን በየ27ቱ ብር ላይ የሚከስር ባንክ ኪሳራውን ማካካስ ያለበት ከማን ነው? ካርታ የሌለውን በያጅ ሊሞክረው ነው እንዴ? መመሪያው የተነሣው በ2012 ነው።

ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎ አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ወጥቷል። ማሽን፣ ከብት፣ ሰብል፣ ሌላም ተንቀሳቃሽ ንብረት ለብድር መያዣ እንዲሆን ይፈቅዳል። ለተማሪዬ ነገርኩት። «ባንኩ ውስጥ ማንም አላነሣልኝም» አለ።

ብረቱን ገዝቷል። የዕቁብ ዕጣ የደረሰው ጓደኛው ለቀቀለት። እናንተ ውስጥ ማሽኑን አስይዞ የተበደረ ካለ እዚህ ሥር ይጻፍልኝ፤ የት እንደሆነና ምን ወረቀት እንደጠየቁት ለልጁ ላሳየው።